መቆም የማያውቀውን የሞለኪውል ሽክርክሪት ከናሙና ስክሪፕቱ ማረም

ካፌይንን በኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ ለማሳየት ጅማ ላይ ሰበብ መፈለግ አያስፈልግም። 24 አተሞች ብቻ ስላሉት አሮጌ ኮምፒውተርንም አይከብድም። የሚያስቸግረው በሞለኪውል ማሳያ ፕሮግራሞች (ፓይሞል፣ ቪኤምዲ፣ ካይሜራኤክስ፣ ጄሞል) የሚከፈተው የናሙና ስክሪፕት፣ ማለትም የትእዛዞች ፋይል ነው፤ ሞለኪውሉን ማዞር ይጀምርና አያቆምም። ተማሪው አራቱን ናይትሮጅኖች ቆጥሮ ሳይጨርስ ይዞሩበታል። መብራት ጠፍቶ ላፕቶፑ በባትሪ ሲሠራ ደግሞ ይብሳል፤ እያንዳንዱ ፍሬም (የእንቅስቃሴው አንድ ምስል) እንደ አዲስ ስለሚሳል ባትሪው ቶሎ ያልቃል።

ትእዛዞቹን እዚህ በአነጋገራቸው በፊደላችን ጽፈናቸዋል፤ ኮምፒውተሩ ላይ በላቲን ትናንሽ ፊደላት ይተየባሉ። የአማርኛ ኪቦርድ በርቶ ከሆነ ይጥፋ። በተለይ ሥርዓተ ነጥብ ያታልላል፦ በላቲኑ ኮማ ቦታ የእኛ «፣» ከገባ መስመሩ ለዓይን ትክክል ይመስላል፣ ፕሮግራሙ ግን አይቀበለውም።

መጀመሪያ፦ የሚንቀሳቀሰው ምንድን ነው?

ይህን ሳይለዩ ትእዛዝ መደርደር ጊዜ ማባከን ነው። የሞለኪውሉ ቅርጽ ሳይለወጥ ዕይታው ብቻ የሚዞር ወይም ወዲያ ወዲህ የሚወዛወዝ ከሆነ ሽክርክሪት ነው። የፍሬም ቁጥሩ እየጨመረ ሄዶ ተመልሶ ከ1 የሚጀምር ከሆነ ፊልሙ እየተደጋገመ ነው። ቆሞ የነበረው ራሱ እንደገና የሚነሳ ከሆነ፣ ወይም የሚተይቡት ትእዛዝ ምላሽ የማያገኝ ከሆነ፣ ስክሪፕቱ ራሱ እየዞረ ነው።

ሁለተኛ፦ አሁኑኑ ማስቆም

ፓይሞል ላይ ለውዝዋዜው «ሮክ 0»፣ ለፊልሙ «ኤምስቶፕ» ይበሉ። ቪኤምዲ ላይ «ሮክ ኦፍ» እና «አኒሜት ፖዝ»። ካይሜራኤክስ ላይ «ስቶፕ» ብቻ ይበቃል።

ጄሞል ትንሽ ይለያል። «ስፒን ኦፍ» ሽክርክሪቱን፣ «አኒሜሽን ኦፍ» የፍሬሞቹን ጨዋታ፣ «ቫይብሬሽን ኦፍ» የአተሞቹን ንዝረት ያቆማሉ፤ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። ስክሪፕቱ ገና እየሄደ ከሆነ ደግሞ ትእዛዝዎ ተራ ይጠብቃል። ስለዚህ መጀመሪያ «ክዊት» ይጻፉ፣ ከፊቱ ቃለ አጋኖ አድርገው፤ ቃለ አጋኖው ወረፋውን ያስጥሳል። ስክሪፕቱ ከተቋረጠ በኋላም ሞለኪውሉ መዞሩን ከቀጠለ «ስፒን ኦፍ» ይጨምሩ።

ሦስተኛ፦ ስክሪፕቱን ማረም

ዋናውን ፋይል አይንኩ፤ ኮፒ አድርገው ኮፒውን በኖትፓድ ይክፈቱ። ወርድ አይሆንም፣ ትምህርተ ጥቅሶችን በራሱ ይቀያይራል። ኖትፓድም ሴቭ ሲደረግ የፋይሉን ስም መጨረሻ ሊለውጥ ስለሚችል ዓይነቱን «ኦል ፋይልስ» ላይ ያድርጉት።

ፓይሞል ላይ «ኤምፕሌይ» የሚለውን መስመር ይፈልጉ። ከእሱ በላይ «ሴት ሙቪ_ሉፕ, 0» ከጨመሩ ፊልሙ አንድ ጊዜ ሄዶ መጨረሻው ፍሬም ላይ ይቆማል። በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው የታች ሰረዝ ነው፣ ክፍት ቦታ አይደለም። ለክፍል ግን «ኤምፕሌይ»ን ጨርሶ ማጥፋት ይሻላል፤ መምህሩ ሲፈልግ በማጫወቻው ቁልፍ ያስነሳዋል።

ፍጥነቱም መታየት አለበት። «ኤምሴት 1 x60» 60 ፍሬም ያዘጋጃል፤ (ኤክሷ ከ60 ጋር ተጣብቃ ትጻፋለች)። ፓይሞል ካልተነገረው በስተቀር በሰከንድ 30 ፍሬም ስለሚያጫውት ሙሉ ዙሩ በ2 ሰከንድ ያልቃል፣ ይህ ለማየት አይመችም። 360 ቢያደርጉት እያንዳንዱ ፍሬም አንድ ዲግሪ ዞሮ ዙሩ 12 ሰከንድ ይፈጃል፤ ደካማ ማሽን ላይ ከዚያም ይረዝማል። ቁጥሩ ግን ሁለት ቦታ ይቀየር፦ «ኤምሴት» ላይም፣ ሞለኪውሉን በሚያዞረው «ኤምሮል» ላይም። «ኤምሮል» 60 ላይ ከቀረ ሞለኪውሉ 2 ሰከንድ ተሽከርክሮ የቀረውን 10 ሰከንድ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ሰውም ፕሮግራሙ ተበላሸ ይላል።

ጄሞል ላይ «ስፒን ኦን» በሚለው ፈንታ ሦስት መስመር ያስገቡ፦ «ስፒን ዋይ 10»፣ «ዲሌይ 36»፣ «ስፒን ኦፍ»። በሰከንድ 10 ዲግሪ ለ36 ሰከንድ፣ አንድ ሙሉ ዙር ማለት ነው። «አኒሜሽን ሞድ ሉፕ» ካለ «ሉፕ»ን በ«ዋንስ» ይተኩ። ከዚያ የፋይሉን የመጨረሻ መስመር ይመልከቱ፤ ለብቻው የቆመ «ሉፕ» ካለ ስክሪፕቱን ከአናቱ የሚያስጀምረው እሱ ነው። እሱ እያለ ከላይ የተጨመረው ማቆሚያ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ይሰረዝ።

ካይሜራኤክስ ላይ ገደብ ያልተሰጠው «ሮል» እስኪያስቆሙት ይዞራል። «ተርን ዋይ 2 180» ይተኩት፤ በየፍሬሙ 2 ዲግሪ፣ 180 ጊዜ። ቀጥሎ ሌላ ትእዛዝ ካለ በመካከል «ዌይት 180» ይግባ፣ አለበለዚያ ዙሩ ሳያልቅ ተከታዩ ይጀምራል።

ቪኤምዲ ላይ ማብቂያ የሌለውን የ«ዋይል 1» ድግግሞሽ ከ0 እስከ 360 በሚቆጥር የ«ፎር» ድግግሞሽ ይተኩ። በየዙሩ ከ«ሮቴት ዋይ ባይ 1» በኋላ «ዲስፕሌይ አፕዴት» መኖሩን ያረጋግጡ፤ ከሌለ ሥዕሉ ደርቆ ቆይቶ በመጨረሻ ይዘላል።

የታረመውን ስክሪፕት ለመፈተን ፕሮግራሙን ዘግተው እንደገና ይክፈቱ። ቀደም ሲል በእጅ የተሰጠ ትእዛዝ በማሽኑ ላይ ስለሚቆይ ያልታረመ ስክሪፕት የታረመ ይመስላል። ፓይሞል ላይ «ሪኢኒሻላይዝ» ይህንኑ ያደርጋል፣ ግን የተከፈተውን ሁሉ ስለሚያጠፋ አስቀድመው ሴቭ ያድርጉ።