የዋሽንግተን ስቴት የዱር እንስሳት ደንብ ሲሻሻል አስተያየት ለመስጠት

ሲያትልና ዙሪያዋ ለምትኖሩ ነው የምጽፈው። ስቴቱ ሊጠፉ የተቃረቡ እንስሳትን ዝርዝር መቀየር ሲያስብ ሕዝቡን ይጠይቃል። ለጎረቤቴ ስነግረው «ዜግነት ሳይኖረኝ ማን ይሰማኛል?» ብሎ ሳቀብኝ። አስተያየት ለመስጠት ዜግነት አይጠየቅም።

መጀመሪያ ማን እንደሚወስን ለዩ። የዓሣና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤቱ ባለሙያዎች ያጠናሉ፣ ሐሳብ ያቀርባሉ። ድምፅ የሚሰጡት ግን ገዥው የሚሾማቸው 9 የኮሚሽን አባላት ናቸው። ተኩላን እዩ። እ.ኤ.አ. በ2024 ባለሙያዎቹ የጥበቃ ደረጃው ዝቅ ይበል ብለው ነበር፤ ኮሚሽኑ ባለበት ይቆይ አለ።

ከዚያ ሲአር-102 (CR-102) የሚባለውን፣ የታሰበውን የደንብ ለውጥ ለሕዝብ የሚያሳውቀውን ቅጽ ፈልጉ። የአስተያየቱ የመጨረሻ ቀንና የስብሰባው ቀን እዚያ ላይ አለ። ቀኑ ካለፈ የጻፋችሁት ሁሉ ከንቱ ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው ቀጥሎ ያለውን ነው። ደንቡ ውሳኔው በእንስሳው ሥነ ሕይወታዊ ሁኔታ ላይ ብቻ ይመሥረት ይላል። «ተኩላ የፈጣሪ ውብ ሥራ ነው» ማለት አይጠቅምም። «ከብቶቼን ጨረሰብኝ» ማለትም እንደዚያው፤ አርቢው ቢያሳዝነኝም። የሚጠቅመው ቁጥር ነው። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ ስለ እንስሳው ያዘጋጀውን የግምገማ ሰነድ አውርዱና ከማገገሚያ መስፈርቱ ጋር፣ ማለትም ደረጃው እንዲቀየር መሟላት ካለበት ቁጥር ጋር አስተያዩት። ተኩላ ከዝርዝሩ እንዲወጣ ካሉት መንገዶች አንዱ 15 የተሳካላቸው ጥንዶች ለ3 ተከታታይ ዓመታት መገኘታቸው ነው፤ ስቴቱ ለተኩላ በተከፈለባቸው 3 ቀጠናዎች በእያንዳንዳቸው ቢያንስ 4፣ የቀሩት 3 የትም። «የተሳካለት» የሚባለውም ጥንዱ ቢያንስ ሁለት ቡችላ እስከ ዲሴምበር 31 በሕይወት ሲያቆይ ነው። ምሥራቁ በተኩላ ቢሞላ እንኳ ደቡብ ካስኬድስን የሚይዘው ሦስተኛው ቀጠና ባዶ ከሆነ በዚህ መንገድ አያልፍም።

እንግዲህ እንዲህ ጻፉ፦ «ግምገማውን አንብቤያለሁ። በዚህ ገጽ ላይ ያለው ቁጥር በሦስተኛው ቀጠና መስፈርቱን አያሟላም። ስለዚህ ደረጃው እንዳይቀየር እጠይቃለሁ።» ቁጥሩ ሌላ ካሳያችሁ ተቃራኒውን ጻፉ። አንድ ገጽ በቂ ነው። ከሌላ የተገለበጠ ደብዳቤ አትላኩ፤ ሺህ ቢሆን እንደ አንድ ነው የሚነበበው ባይ ነኝ። በቃል ለመናገር አስቀድማችሁ ተመዝገቡ፤ የሚሰጣችሁ ጥቂት ደቂቃ ስለሆነ ሰላምታውን አሳጥሩት።

ደንቡ ከጸደቀ መሥሪያ ቤቱ ለአስተያየቶቹ የሰጠውን መልስ በጽሑፍ ማዘጋጀት አለበት። ያንን ማብራሪያ ጠይቁና ሐሳባችሁ ለምን እንዳልተወሰደ አንብቡ። በዝርዝሩ ላይ ያለ እንስሳ ሁሉ ቢያንስ በየ5 ዓመቱ ስለሚገመገም ለሚቀጥለው ዙር ይጠቅማችኋል።