በድሬዳዋ አየር እንጨት በእጅ ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጠረጴዛው ሲሰነጠቅ ወይም መሳቢያው አልወጣ ሲል ብዙ ሰው የሚወቅሰው እጁን ነው። «ገና አልለመድኩም» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የሚጀምረው መጋዝ ከመነሳቱ በፊት ነው፤ ጣውላው ሲገዛና ስለቱ ሲሳል።

እርጥብ ጣውላ ላይ መሥራት

ከሐረርጌ ደጋ የወረደ ዋንዛ ፊቱ ደርቆ ቢታይም ውስጡ ገና ውሃ ሊኖረው ይችላል። ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ድሬዳዋ 1,200 ገደማ። ቁልቁል ሲወረድ አየሩ ይሞቃል፣ ይደርቃል። በሐምሌ ሐረር ላይ ልክክ ብሎ የተገጠመ ሳጥን ድሬ ሲከርም አፉን የሚከፍተው በዚህ ምክንያት ነው። እንጨት በቁመቱ አይቀንስም ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ የሚጠበው በወርዱ ነው። 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የዋንዛ ሰሌዳ እርጥበቱ ከ15 ወደ 8 በመቶ ሲወርድ፣ ከግንዱ እንደተሰነጠቀበት አቅጣጫ ከ2 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ሊጠብ ይችላል።

ለማድረቅ ብሎ ፀሐይ ላይ ማስጣት ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው። የጣውላው ሁለት ጫፎች ከፊቱ እጅግ ፈጥነው ውሃ ስለሚያጡ ከዚያ በኩል ይተረተራል። ጫፎቹን በዘይት ቀለም ወይም በቀለጠ ሰም ይድፈኑ። ከዚያ ጥላና ነፋስ ባለበት ቦታ፣ በየ40 ሳንቲ ሜትሩ እኩል ውፍረት ያላቸውን ባለ 2 ሳንቲ ሜትር እንጨቶች በመካከል እያስገቡ ይደርድሩ። በመካከል የገባው የላይኛው እንጨት በትክክል በታችኛው አናት ላይ ካልዋለ ጣውላው ይጎብጣል። ከላይ ድንጋይ ይጫኑበት። ለ2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት የሚለው የቆየ ልክ ለድሬ ይበዛል፤ ዳኛው ሚዛን ነው። አንዱን ጣውላ በየሳምንቱ ይመዝኑ፤ ሦስት ሳምንት ክብደቱ ካልቀነሰ ደርሷል።

ሲመርጡም ነጣ ያለውን ዳር ይተዉት። ምስጥን የሚቋቋመው የዋንዛው ልብ ነው።

ሳይስሉ መጀመር

አዲስ መሮም ሆነ የመላጊያ ምላጭ ከሱቅ ለሥራ ዝግጁ ሆኖ አይመጣም። መጀመሪያ ጀርባውን፣ የመጨረሻውን 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ብቻ፣ እስኪያበራ ድረስ በድንጋይ ላይ ያስተካክሉ። የምላጩ ተዳፋት ፊት 25 ዲግሪ፣ የሚቆርጠው የስለቱ ጫፍ ብቻ 30 ዲግሪ ቢሆን ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል። በ1000 ቁጥር ድንጋይ (ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ድንጋዩ ይደቃል) ሲስሉ በጀርባው በኩል፣ ከዳር እስከ ዳር፣ በጣት የሚዳሰስ ሻካራ ጠርዝ መውጣት አለበት። እሱ ሳይወጣ ወደ 4000 መሄድ ከስህተቶች ሁሉ የተለመደው ነው፤ ስለቱ ያበራል፣ ግን አይቆርጥም። መጨረሻ ላይ ጀርባውን ለጥ አድርገው ጠርዙን ያንሱለት። ለመፈተን የዝግባ ቁራጭ ጫፍ ይላጉ፦ ስለታሙ የሚያበራ ፊት ይተዋል፣ ዶልዱሙ እንጨቱን ጨፍልቆ ያልፋል።

በሞተር ድንጋይ የሚስል ሰው ብረቱ ወደ ሰማያዊ ከተለወጠ ጥንካሬውን አጥፍቷል፤ ያ ክፍል ተበልቶ እስኪያልቅ ስለት አይዝም። በየሁለት ሦስት ሰከንዱ ውሃ ውስጥ ይንከሩት። መሳያው ድንጋይ መሃሉ ሲጎደጉድ ደግሞ በመስታወት ላይ በተዘረጋ 220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይደልድሉት።

በተቃራኒ አቅጣጫ መላግ

ዋንዛ ተቦጫጭቆ ከወጣ ከመግፋትዎ በፊት የጣውላውን ጎን አላዩም ማለት ነው። በጎኑ የሚታዩት መስመሮች እርስዎ ወደሚገፉበት አቅጣጫ ሽቅብ መውጣት አለባቸው። መሃል ላይ አቅጣጫ የሚቀይር እንጨት ሲያጋጥም ምላጩን በጣም ጥቂት አውጥተው፣ መላጊያውን አዙረው ከሁለቱም በኩል ይሥሩ።

በወፍራም እርሳስ ምልክት ማድረግ

የደነዘዘ እርሳስ መስመር 1 ሚሊ ሜትር ሊሰፋ ይችላል፤ በአራት መጋጠሚያ ሲደመር ጉዱ ይታያል። በስኳድራ (የቀጥታ ማዕዘን ማስመሪያ) እና በሹል ቢላ ጭረት ያድርጉ፤ መጋዙ ከሚጣለው ወገን ይሂድ። ልኬቱን ሁሉ ከአንድ በተስተካከለ ፊት ይነሱ።

መጋጠሚያውን በመዶሻ ማስገባት

የወንዴው (ወደ ሌላው እንጨት የሚገባው ምላስ) ውፍረት ከጣውላው አንድ ሦስተኛ ይሁን። የሴቴው (ምላሱን የሚቀበለው) ጉድጓድ 2 ሚሊ ሜትር ጠለቅ ይበል፤ ኮላው መሄጃ ያገኛል። በእጅ ግፊት ገብቶ መጨረሻው ላይ ቀላል ምት ከፈለገ ልክ ነው። ከዚያ በላይ የጠየቀ ሴቴውን ይሰነጥቃል።

በቀትር ኮላ መቀባት

ነጭ ኮላ በድሬ ሙቀት ጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቆዳ ያበጃል፤ ያ ቆዳ ደግሞ አይጣበቅም። ከጠዋቱ 12 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ይሥሩት። አስቀድመው ያለ ኮላ ገጥመው ይሞክሩ፣ ሞርሳዎቹንም (ማጥበቂያዎቹን) በልክ ከፍተው ያስቀምጡ። ከታሰረ በኋላ 24 ሰዓት ሳይሞላው ሸክም አይጫንበት።

የጠረጴዛ ገበታን በሚስማር መቸንከር

ሰሌዳው መጥበብ ሲፈልግ ሚስማሩ ይከለክለዋል፤ ያኔ ይሰነጠቃል። ገበታውን ከሥር በብሎን ያጥብቁት፤ የብሎኑ ቀዳዳም በወርዱ አቅጣጫ ሞላላ ይሁን። ቨርኒሽ ሲቀቡም የማይታየውን የታች ፊት በላይኛው ልክ ይቀቡ፤ አንዱ ፊት ብቻ ከተሸፈነ ሌላው ፈጥኖ እየደረቀ ገበታውን ያጎብጠዋል።