ፔቱ ምን አጠፋ? ሀንተሮች የምንደጋግማቸው ስህተቶች

አንበሳዬ ጥቁር ነው። በምጫወተው የኮምፒውተር ጌም ውስጥ ባረንስ በሚባለው ሰፊ ሜዳ ላይ ሁማር የሚሉት ጥቁር አንበሳ አልፎ አልፎ ብቅ ይላል። እሱን ለማላመድ ሁለት ሌሊት አድብቻለሁ። ጌሙ ስም አውጣለት ሲለኝ “አንበሴ” አልኩት፤ በላቲን ፊደል ነው እንጂ።

የምጫወተው ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍትን ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ጌም የድሮ መልኩን ይዞ በ2019 ሲመለስ ክላሲክ ተባለ፤ የማወራው ስለ እሱ ነው። ሀንተር፣ ማለትም አዳኝ ሆኖ የሚጫወት ሰው፣ ሌቨል 10 ሲደርስ አውሬ አላምዶ ፔቱ ማድረግ ይጀምራል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ይጠፋል። ፓርቲ (ቡድን) ተሰብስቦ “አንድ ሀንተር ጨምሩ” ሲባል ከልቡ የሚተነፍስ ሰው አይታጣም። እውነት ለመናገር አይፈረድባቸውም። ፔት ግን ከራሱ የሚያመጣው ነገር የለም። የታዘዘውን ያደርጋል። አዲስ ትእዛዝ ካልመጣለት ባለፈው ይቀጥላል።

ግራውልን ሳያጠፉ ደንጄን መግባት

ግራውል የፔቱ ማጉረምረም ነው። ጠላት አንተን ትቶ ፔቱ ላይ እንዲያተኩር ያደርጋል። ብቻህን ስትሆን ነፍስህን የሚያቆያት እሱ ነው፤ አንበሴ ፊት ለፊት ይዞልኝ እኔ ከሩቅ ቀስቴን እለቃለሁ። አምስት ሰው ሆነን ደንጄን፣ ማለትም በጠላት የተሞላ ዋሻ ወይም ሕንፃ ስንገባ ግን ያ የታንኩ፣ ምቱን ፊት ለፊት የሚቀበለው ተጫዋች ሥራ ነው። ግራውል ከበራ ታንኩና ፔቱ ጠላቱን ይሻሙበታል። ቦሱ (ዋናው ጠላት) አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ይዞራል፣ ፊቱን ወደ ቡድኑ ሲመልስ ደግሞ ለታንኩ የታሰበው ምት ጥሩር የሌለውን ጨርቅ ለባሽ ያገኘዋል። ሂለሩም ማንን እንደሚያክም ግራ ይገባዋል።

መፍትሔው አንድ ክሊክ ነው። ምልክቱ ላይ በቀኝ ስትጫን ዙሪያው የሚብለጨለጨው ነገር ይጠፋል። ከደንጄን ስትወጣ መልሰህ አብራው። እኔ ይህቺን ረስቼ ሜዳ ላይ ስንቴ እንደሞትኩ አልናገርም።

በጉን የነከሰው አንበሳ

ፔት ሦስት ጠባይ አለው፤ አግረሲቭ፣ ዲፌንሲቭና ፓሲቭ። አግረሲቭ ያየውን ሁሉ ይነክሳል። ደንጄን ውስጥ ለምን እንደሚያስፈልግ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ እንለፈው።

ብዙዎቻችንን የሚሸውደን ዲፌንሲቭ ነው። ስሙ የጨዋ ይመስላል። ፔቱ ራሱ ወይም አንተ ካልተነካችሁ አይነሳም። ታዲያ ችግሩ ምን ላይ ነው? አራት ጠላት አንድ ላይ መጣ እንበል። አንዱ በመሀል አንድ ጊዜ መታህ። ሜጁ (አስማተኛው) ወዲያው ያንን ጠላት በአስማት በግ አደረገው። ለናንተ ነገሩ አብቅቷል። ለፔትህ ግን አላበቃም፤ ጌታው ተመቷል። በጉ ላይ ይዘላል፣ አንዴ ይነክሰዋል፣ በጉ መልሶ ጠላት ይሆናል። በግ ሆኖ የቆየ ጠላት ደግሞ ቶሎ ቶሎ ስለሚያገግም ጤናው ሞልቶ ነው የሚነሳው። መቼም አንበሳና በግ አንድ ላይ አሳድረህ ሰላም አትጠብቅም።

ስለዚህ ደንጄን ውስጥ ፔትህን ፓሲቭ ላይ አድርገው። ሂድ ስትለው ብቻ ይሄዳል። ወዴት እንደምትልከው ደግሞ ጠላቶቹ ራስ ላይ የሚደረጉት ምልክቶች ይነግሩሃል። የራስ ቅል ማለት መጀመሪያ የሚገደለው ነው፣ ኤክስ ቀጣዩ ነው። ጨረቃ ብዙ ጊዜ የሜጁ በግ ነው፣ ሰማያዊው አራት ማዕዘን ደግሞ አንተ በበረዶ ወጥመድ የምትይዘው። ይህ ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም። ታንኩ ሌላ ካለ የሱ ይሰማል።

በዚህ ላይ አንዲት ማክሮ (በአንድ ቁልፍ ብዙ ትእዛዝ የምትሰጥ) ሥሩ። የመጀመሪያዋ መስመር “አሲስት” ብላ ታንኩ የያዘውን ኢላማ ትወስዳለች፣ ሁለተኛዋ “ፔት አታክ” ትላለች። አንድ ቁልፍ ስትጫኑ እናንተም ፔቱም ታንኩ የሚመታውን ትመታላችሁ። በማውዝ ጠላት እየመረጡ መላክ በግርግር መሀል ለስህተት ያጋልጣል። ሌላ ማክሮ ደግሞ “ፔት ፎሎው” እና “ፔት ፓሲቭ” ይኑረው፤ ፍሬን ማለት እሱ ነው።

መዝለል

ይህኛው ዝነኛ ነው። ሀንተርን ያስጠላው ይኸው ይመስለኛል።

ኖምረጋን የሚባል ደንጄን አለ፣ ኖም የሚባሉት ድንክዬ ፍጡሮች የሠሩት የማሽን ከተማ። መግቢያው አካባቢ ረጅሙን መንገድ ላለመዞር ሰው ከጫፉ ላይ ወደ ታች ይዘላል። አምስታችንም ዘለልን። ታንካችን ስቶክሆልም ያለ የአክስቴ ልጅ ነው፣ ማይክ ላይ በአማርኛ ነው የምናወራው። ታች ደርሰን ሂለሩ ተቀምጦ ማና (የአስማት ጉልበት) ለመሙላት ውሃ እየጠጣ ነበር።

“ፔትህ የታለ?” አለኝ።

አየሁ። የለም። የፔቱ ጤና ግን ከስክሪኔ ጥግ እየቀነሰ ነው። ለካስ አንበሴ አልዘለለም። ተከተለኝ በተባለው መሠረት ወደ እኔ የሚያደርሰውን መንገድ ፈልጎ አገኘ፤ መንገዱ ደግሞ እኛ ልንሸሸው ያልነው መንገድ ነው። እየሮጠ መጣ። በየክፍሉ ያለውን ሁሉ ቀስቅሶ፣ ከኋላው አስከትሎ መጣ። ማይኩ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ዝምታ ሆነ፤ ከዚያ የአክስቴ ልጅ “እናትህን ነው የምደውልላት” አለ። ሁላችንም ሞትን።

ከመዝለልህ በፊት ፔቱን “ዲስሚስ” በለው፤ ለጊዜው ይሰወራል። ጥቂት ሰከንድ ይፈጃል፣ ሰው ይጠብቅህ። ታች ስትደርስ መልሰህ ጥራው። ገደል ባየህ ቁጥር፣ መስኮት ባየህ ቁጥር፣ ዝላዩ ትንሽ ቢመስልህም።

ዲስሚስ ራሱ ግን ሌላ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2005 ዙልጉሩብ የሚባል ሬድ (ብዙ ሰው አብሮ የሚገባበት ደንጄን) ሲከፈት፣ ሃካር የሚባለው ቦስ ከሰው ሰው የሚተላለፍ የደም በሽታ ይለቅ ነበር። በሽታው ከዚያ እንዳይወጣ ነበር የታሰበው። ሀንተሮች ግን የታመመ ፔታቸውን ዲስሚስ አድርገው ከተማ ሲገቡ መልሰው ጠሩት። በሽታውም አብሮ ወጣ። ትልልቆቹ ከተሞች በአፅም ተሞሉ፣ ኩባንያው ብሊዛርድ በመጨረሻ ሰርቨሮቹን ሪሴት አደረገ። ነገሩን የወረርሽኝ ተመራማሪዎች ሳይቀሩ አጥንተውት በ2007 ላንሴት ኢንፌክሽየስ ዲዚዝስ የተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ጽፈዋል። ዛሬ እንዲህ አይነት ነገር አይገጥምህም፤ የፔትህን የጤና ሁኔታ ሳታይ አለመሰብሰብ ግን ጥሩ ልማድ ነው።

የተራበ ፔት

ክላሲክ ላይ ፔት ይራባል። ደስ ካለው ጉዳቱ 125 በመቶ ነው፣ ደህና ከሆነ 100፣ ካኮረፈ 75። ሰው የጦር መሣሪያውን ለማሻሻል ሳምንት ሙሉ ይለፋል፣ ለፔቱ ግን ሥጋ አይዝም። አንበሳ ሥጋና ዓሣ ይበላል፤ ዳቦ ብትሰጠው ዞር ብሎም አያይህ። ከመግባትህ በፊት አብላው። ችላ ከተባለ ጥሎህ ይጠፋል፤ ሁለት ሌሊት ያደባህበት አውሬ ማለት ነው።

መጥሪያው የዘገየ

ከአዲስ አበባ አውሮፓ ሰርቨር ላይ ለምንጫወት የኢንተርኔት መዘግየት የየቀኑ ነገር ነው። የምታየው ትንሽ ያለፈውን ነው፤ ትእዛዝህም ትንሽ ቆይቶ ነው የሚደርሰው። ቦሱ እጁን ሲያነሳ ፔቱን ብትጠራው እጁ አርፎ ነው የሚመለሰው። አንድ እርምጃ ቀድመህ ጥራ። ደግሞ ኢላማ በቀየርክ ቁጥር ፔቱን አታመላልሰው። ለመንከስ ሮጦ መድረስ አለበት፤ ከጠላት ወደ ጠላት ሲሮጥ የዋለ ፔት ምንም አልነከሰም። መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆንክ ደግሞ ለፓርቲው አስቀድመህ ንገራቸው። ያው፣ እኛ እንለምደዋለን፤ ስቶክሆልም ያለው አይለምደውም።

የአክስቴ ልጅ እስከ ዛሬ ጫፍ ላይ ስንደርስ አይዘልም። ቆሞ ይጠብቀኛል። “አንበሴን አስገባህ?” ይላል፣ አዎ እስክል ድረስ።