ብጉርን በሕክምና ማከም፦ ከሚቀባ መድኃኒት እስከ እንክብል

ብጉር የሚወጣው ወዝ አመንጪ ዕጢዎች ከመጠን በላይ ወዝ ሲያመነጩና የሞቱ የቆዳ ሕዋሳት ከወዙ ጋር ተጣብቀው የፀጉር መውጫ ቀዳዳዎችን ሲደፍኑ ነው፤ በተደፈነው ቀዳዳ ውስጥ ባክቴሪያ ሲራባ ደግሞ ቆዳው ይቆጣል፣ መግልም ይቋጥራል። ፊትን ደጋግሞ መፈተግ እዚያ ድረስ ስለማይዘልቅ ቆዳውን ከማስቆጣት በቀር ጥቅም የለውም።

ቀለል ላለ ብጉር ሕክምናው በሚቀባ መድኃኒት ይጀመራል። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ባክቴሪያውን ይገድላል፤ 2.5 በመቶው ከ10 በመቶው ያነሰ ስለሚያቃጥል በዝቅተኛው መጀመር ይሻላል። የፎጣና የትራስ ልብስ ቀለም ስለሚያስለቅቅ ነጭ ጨርቅ ይጠቀሙ። አዳፓሊን ደግሞ ቀዳዳዎቹ እንዳይደፈኑ ያደርጋል፤ ነገር ግን በእርግዝና ወቅት አይመከርም።

አዳፓሊን የሚቀባው ማታ ነው። ፊትዎን በለስላሳ ሳሙና ከታጠቡ በኋላ በደንብ እስኪደርቅ ይጠብቁ፤ ከዚያም አንዲት የአተር ፍሬ የምታህል መጠን ወስደው በግንባር፣ በጉንጮችና በአገጭ ላይ ነጠብ ነጠብ ካደረጉ በኋላ ስስ አድርገው ያዳርሱት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የወጣውን ብጉር ብቻ እየመረጠ ይቀባል፣ በሚቀጥሉት ሳምንታት የሚወጣው ግን ገና ሳይታይ ከቆዳው ሥር እየተዘጋጀ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቆዳው ቢደርቅና ቢላላጥ አይደንግጡ፤ በየሁለት ቀኑ ይቀቡ፣ ማለስለሻም ይጨምሩ፣ ቀን ቀን ከፀሐይ ይከላከሉ። ውጤቱን ለመመዘን ከ8 እስከ 12 ሳምንት ያስፈልጋል፤ በ3ኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብሎ መተው የሚያሳዝን ኪሳራ ነው።

ብጉሩ ደረትና ጀርባን ካዳረሰ፣ ወይም ጠባሳ መተው ከጀመረ፣ ሳይዘገዩ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ሐኪሙ እንደ ዶክሲሳይክሊን ያለ አንቲባዮቲክ ከሚቀባው ጋር አጣምሮ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ወር ላልበለጠ ጊዜ ሊያዝ ይችላል፤ አንቲባዮቲክን ብቻውን መጠቀም ባክቴሪያው መድኃኒቱን እንዲላመድ ያደርጋል። ለሴቶች የሆርሞን ሕክምናም አለ።

ለጠናው ብጉር የሚሰጠው አይሶትሬቲኖይን የተባለው እንክብል ከሁሉም የበረታ ነው፤ ሆኖም በፅንስ ላይ ከባድ ጉዳት ስለሚያደርስ ልትወልድ የምትችል ሴት ከመጀመሯ በፊት፣ በምትወስድበት ጊዜና ካቆመች በኋላም ቢያንስ ለአንድ ወር አስተማማኝ የእርግዝና መከላከያ ልትጠቀም ይገባል። የጉበትና የደም ቅባት ምርመራም ያስፈልገዋል። ከሰው ተበድሮ የሚዋጥ መድኃኒት አይደለም።

ስቴሮይድ ያለባቸው ቅባቶች ለጊዜው መቅላቱን ቢያበርዱም ራሳቸው ብጉር ስለሚያመጡ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፊትዎን አያስነኩ።