ከግግር በረዶ ሥር የታሰረ ውሃ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ግግር በረዶን የሚያንሸራትተውም፣ የሚሰነጥቀውም፣ አንዳንድ ጊዜም ከሥሩ ያሉትን መንደሮች የሚያጠፋው በውስጡ የሚያልፈው ውሃ ነው። ችግር ሲታይ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው ምን ያህል በረዶ እንደቀለጠ ነው፤ መቅደም ያለበት ጥያቄ ግን ውሃው መውጫ አግኝቷል ወይስ ታስሯል፣ ከታሰረስ ግፊቱ ምን ያህል ደርሷል የሚለው ነው። በረዶ ከውሃ በአንድ አሥረኛ ገደማ ስለሚቀል፣ 300 ሜትር ውፍረት ባለው በረዶ ውስጥ እስከ ወለሉ በሚዘልቅ ጉድጓድ ያለ ውሃ 275 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ከቆመ፣ ከሥር ያለው ግፊት የበረዶውን ክብደት ለመሸከም ይበቃል። ከዚህ በታች ያሉት ችግሮች ሁሉ የሚመዘኑት በዚህ ነው።

ችግር 1፦ በረዶው በማቅለጫው ወቅት መጀመሪያ ይፈጥናል፣ ሙቀቱ ሲበረታ ግን ይዘገያል

ይህን ያየ ሰው የበረዶውን ጉዞ የሚለካው የጂፒኤስ መቀበያ ተበላሽቷል ብሎ ሊጠረጥር ይችላል፤ መሣሪያው ግን ብዙውን ጊዜ ትክክል ነው። በቅዝቃዜው ወራት ብዙ ውሃ ያላለፈበት የበረዶው ወለል በጠባብ መተላለፊያዎች በተያያዙ ጥቃቅን ክፍተቶች የተሞላ ስለሆነ፣ የመጀመሪያው የቀለጠ ውሃ ሲደርስ መሄጃ አጥቶ ይጨናነቃል፤ ግፊቱም ጨምሮ በረዶው በአለቱ ላይ በቀላሉ ይንሸራተታል። ሳምንታት ሲያልፉ የሚፈሰው ውሃ ራሱ በሚያመነጨው ሙቀት ግድግዳውን እያቀለጠ ሰፊ ቦይ ይከፍታል፤ ቦዩ ከተከፈተ በኋላ ብዙ ውሃ በዝቅተኛ ግፊት ይወጣል፣ በረዶውም ይዘገያል።

መፍትሄው የቀለጠውን ጠቅላላ መጠን ብቻ ሳይሆን ድንገተኛ ውጣ ውረዱን መመዝገብ ነው፤ ቦዩ ሊሰፋ ጊዜ የማይሰጠው በአንድ ጊዜ የሚመጣ ብዙ ውሃ ነውና። ቦዩ መከፈቱን ለማወቅ ቀለም መጠቀም ይቻላል። ቢጫ አረንጓዴ የሆነውን ፍሎረሲን ላይ ባለ ጉድጓድ አፍስሶ ወንዙ በሚወጣበት አፍ መጠበቅ ነው፤ ቀለሙ በአጭር ጊዜ ደመቅ ብሎ መጥቶ ካለፈ ቦይ አለ፣ እየሳሳና እየተጎተተ ለብዙ ሰዓታት ከቆየ ውሃው ገና በጥቃቅን ክፍተቶች እየተንከራተተ ነው።

ቦዩ ሳይከፈት ሲቀር የሚሆነው እ.ኤ.አ. በ1982 እና 1983 አላስካ ውስጥ በቫሪዬጌትድ ግግር በረዶ ላይ ታይቷል። በረዶው በቀን እስከ 65 ሜትር ድረስ ተጓዘ፤ በጁላይ 1983 የታሰረው ውሃ በጎርፍ ሲወጣ ግን ግስጋሴው በድንገት ተገታ።

ችግር 2፦ ከበረዶው ላይ የነበረው ሐይቅ ጠፋ

ተንኖ አይደለም። ከሐይቁ ሥር ስንጥቅ ሲፈጠር ውሃው ይሞላዋል፤ ውሃ ከበረዶ ስለሚከብድም የስንጥቁን ጫፍ ወደ ታች እየገፋ እስከ ወለሉ ያደርሰዋል። በምዕራብ ግሪንላንድ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2006 የአንድ ሐይቅ 44 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ወደ 1 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ውፍረት ባለው በረዶ ውስጥ ሰምጦ ጠፋ፤ አብዛኛው የወረደውም በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ውስጥ፣ ከናያግራ ፏፏቴ አማካይ ፍሰት በሚበልጥ ኃይል ነበር። በአቅራቢያው ያለው በረዶ 1.2 ሜትር ያህል ከፍ አለ።

እንዲህ ያለውን ስንጥቅ የሚደፍን መፍትሄ የለም። ማድረግ የሚቻለው ድንኳንና መሣሪያን ከሐይቁ ዳርና ከስንጥቆቹ ማራቅ፣ ከዚያም ሙላን የሚባለውን ቀጥ ብሎ የሚወርድ ጉድጓድ ፈልጎ በካርታ ማስፈር ነው። ቃሉ የፈረንሳይኛ ሲሆን ትርጉሙ ወፍጮ ነው። ጉድጓዱ እስካልተዘጋ ድረስ የቀለጠው ውሃ በዚያው በኩል ወደ ወለሉ መውረዱን ይቀጥላል።

ችግር 3፦ ቀኑ ሞቃት ሆኖ ሳለ ወንዙ ቀነሰ

በቅድሚያ ቀላሉን ምክንያት አጣሩ፤ አዲስ የወረደ በረዶ የፀሐይን ብርሃን እየመለሰ መቅለጥን ሊቀንስ ይችላል። ይህ ካልሆነ ውሃው አንድ ቦታ እየተጠራቀመ ሊሆን ስለሚችል በታችኛው ሸለቆ ያሉ ሰዎች መረጋጋት አይገባቸውም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ የቀነሰው ወንዝ የሚያዘናጋ ወንዝ ነው። የሚጠራቀመው ሜዳ ላይ በሚታይ ሐይቅ ከሆነ ከፍታውን በየቀኑ መለካት፣ በሲፎን ቱቦ ወይም በቦይ ማስተንፈስ ይቻላል። አላስካ ውስጥ ጁኖ ከተማ አጠገብ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በመንደንሆል ግግር በረዶ የተገደበ ውሃ በተደጋጋሚ እየፈነዳ ሲወጣ ግን የከተማዋ ሰዎች በወንዙ ዳር አሸዋ የተሞላ መከላከያ ወደ መደርደር ሄደዋል።

ችግር 4፦ ምንም ምልክት የለም

ከሁሉ የሚከፋው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1892 ሌሊት፣ በፈረንሳይ ሞን ብላን ተራራ ላይ ባለው ቴት ሩስ በተባለ ትንሽ ግግር በረዶ ውስጥ ተደብቆ የነበረ ውሃ ፈነዳ። የወረደው ጎርፍ ከሥር ባለችው ሳን ዠርቬ ከተማ 175 ሰዎችን ገደለ። የተኙት ሰዎች ከላያቸው ሐይቅ እንዳለ የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም። ከዚያ በኋላ ውሃውን ለማስተንፈስ ዋሻ ተቆፈረ።

ከመቶ ዓመት በኋላ ዋሻውን መጠገኑ አሁንም ያስፈልግ እንደሆነ ተጠየቀ። ተመራማሪዎች በራዳርና ውሃን በማግኔታዊ ምላሹ በሚለይ የማግኔት ሬዞናንስ ዘዴ ሲፈትሹ በበረዶው ውስጥ ወደ 55,000 ሜትር ኩብ ውሃ አገኙ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 በሙቅ ውሃ ቆፍረውም ውሃው በግፊት እንደታሰረ አረጋገጡ። መንስኤው ያልተጠበቀ ነበር። የግግሩ የታችኛው ጫፍ ላይ የሚተኛው አዲስ የወረደ በረዶ ሲሳሳ የቅዝቃዜው ወራት ብርድ የሚከለክለው አጥቶ ወደ ውስጥ ዘለቀ፤ ጫፉ ከአለቱ ጋር ተጣብቆ ሲቀር፣ በላይኛው ክፍል የቀለጠው ውሃ እንደ ቡሽ በተወተፈው ጫፍ ታገደ።

ከታች ወደ 3,000 የሚሆኑ ሰዎች ለአደጋ ስለተጋለጡ የማስጠንቀቂያ ሥርዓት ተተከለ፤ ከኦገስት መጨረሻ እስከ ኦክቶበር መጀመሪያ 2010 ድረስም ወደ 48,000 ሜትር ኩብ ውሃ በፓምፕ ተወሰደ። ክፍተቱ ግን እንደገና ሞላ፤ በ2011ም በ2012ም ፓምፖቹ ወደ ተራራው ተመልሰው ወጡ።