በመሀል አዲስ አበባ የጎርፍ ስጋትን ሲያቅዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የደረሰው ድንገተኛ ጎርፍ የ7 ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል። ከዚህ በታች የተነሡት ስህተቶች ክረምት በመጣ ቁጥር ስለሚደገሙ ዝም ብሎ ማለፍ ይከብዳል።

ውሃው በታየበት ቦታ ብቻ ማቀድ

የባንትይቀጡ ወንዝ ሞልቶ ሲፈስ ዓይናችን ድልድዩ ላይ ያርፋል፤ ግንብ ይሠራል፣ ቱቦ ይሰፋል። ከእንጦጦ ጫፍ እስከ መስቀል አደባባይ ግን መሬቱ በ10 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ይወርዳል። ስለዚህ ፍል ውሃ ላይ ጠብታ ሳይጥል እንኳ ከላይ የዘነበው ሊያጥለቀልቀው ይችላል። የተፋሰስ ሞዴል፣ ማለትም ውሃው ወደ አንድ ወንዝ የሚወርድበትን አካባቢ በሙሉ የሚያሰላ የኮምፒውተር ስሌት፣ የሚሠራው ከላይ ጉለሌ ላይ አንድ ነገር ሲለወጥ ከታች ቂርቆስ ላይ ምን እንደሚከተል ለማየት ነው። በወረዳ ድንበር የተቆረጠ ሞዴል ይህን ሊያሳይ አይችልም።

ውሃውን ቶሎ ማሳለፍን መፍትሔ ማድረግ

ቦዩን በኮንክሪት መለበጥ ጎርፉን ለታችኛው ሰፈር ያስረክባል። ባለ 200 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 8,000 ሊትር ውሃ ይሆናል፤ ይህም ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ አራት ጊዜ ይሞላል። ግቢው በሙሉ ንጣፍ ከሆነ ያ ሁሉ ወደ መንገድ ይወጣል። ከላይ ባሉት ሰፈሮች ማስረግና ማቆየት የሚቻለውን ሳይመረምሩ ቱቦ ማስፋት ገንዘብ ማባከን ነው።

ነዋሪውን የጎርፍ ስጋት ካርታው ካለቀ በኋላ መጥራት

እኔን ከሁሉም የሚያስቆጨኝ ይህ ነው። በ30 ሜትር ጥራት የተዘጋጀ፣ ማለትም ለ30 በ30 ሜትር መሬት አንድ ቁጥር ብቻ የሚሰጥ የከፍታ መረጃ አንድን ጠባብ የወንዝ ሸለቆ ሊውጠው ይችላል። ሞዴሉ ቱቦው ንጹሕ ነው ብሎ ያሰላል፤ እውነተኛው ቱቦ ግን በደለልና በፕላስቲክ ግማሹ ተደፍኗል። ቀበናና ግንፍሌ ወንዞች ዳር የሚኖሩ እናቶች ውሃው ግድግዳቸው ላይ እስከ የት እንደደረሰ፣ በየትኛው መተላለፊያ አስቀድሞ እንደገባ ያውቃሉ። ያንን ምልክት በሜትር ለክቶ ከሞዴሉ ውጤት ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል፤ ካልተስማሙ የሚታረመው ሞዴሉ ነው።

ሰዉ ግን እንዲሁ አይናገርም። ወንዝ ዳር ያለ ቤተሰብ «ቤቴ ውሃ ይገባዋል» ብሎ ከተናገረ ከቦታው የሚነሣ ይመስለዋል፤ ፍርሃቱም ምክንያት አለው። መረጃው ለምን እንደሚውል፣ ማን እጅ እንደሚገባ በእድሩ ስብሰባ ላይ አስቀድሞ በግልጽ ሊነገረው ይገባል። መልስ የሌለው ባለሙያ ባይጠይቅ ይሻላል።

«የ100 ዓመት ጎርፍ» ሲባል መዘናጋት

በየዓመቱ 1 በመቶ የመድረስ ዕድል አለው ማለት ነው። በ30 ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመድረስ ዕድሉ 26 በመቶ ገደማ ይሆናል። ዘንድሮ የደረሰበት ሰፈር ለከርሞም ሊደርስበት ይችላል።

ጽዳቱን ሐምሌ ላይ መጀመር

የቱቦ ጽዳት ግንቦት ሳይወጣ ማለቅ አለበት። ሥራው መጠናቀቁን ከተቋራጩ ጋር የእድሩ ተወካይም አይቶ ይፈርም። የወጣው ደለል በዚያው ቀን ይነሣ፤ ቱቦው አፍ ላይ ተቆልሎ ካደረ የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ያስገባዋል።