ካልኮሳይትን በአሲድ እንዴት እናሟሟ? ግማሹ መዳብ ወጥቶ ሲቆምስ?

ማላካይት የተባለው አረንጓዴ የመዳብ ማዕድን ቀጭን ሰልፈሪክ አሲድ እንደነካው ይሟሟል። ካልኮሳይት ግን ሰልፋይድ፣ ማለትም የመዳብና የሰልፈር ውህድ፣ ስለሆነ አሲድ ብቻውን እምብዛም አይበግረውም። ኤሌክትሮን የሚነጥቀው ያስፈልገዋል፤ ያም ፌሪክ ብረት፣ ማለትም ሦስት ኤሌክትሮን ያጣ ብረት፣ ነው። የአሲዱ ዋና ሥራ ብረቱ እንዳይዘቅጥ መጠበቅ ነው።

ካልኮሳይት ያለበትን ማዕድን ከ75 ማይክሮን በታች ፈጭታችሁ 20 ግራም መዝኑ። 2 በመቶ መዳብ ካለው 0.4 ግራም መዳብ ይዟል፤ ይህን ለማውጣት 0.7 ግራም ያህል ፌሪክ ብረት ይበላል።

መነጽርና ጓንት አድርጋችሁ፣ ጭስ መሳቢያ ሥር፣ 900 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ ላይ 5.5 ሚሊ ሊትር ባለ 98 በመቶ ሰልፈሪክ አሲድ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ውሃን አሲድ ላይ በፍጹም አታፍስሱ። 18 ግራም ውሃ አልባ ፌሪክ ሰልፌት አሟሙበትና 1 ሊትር አድርሱት፤ 5 ግራም ብረት ማለት ነው። ውሃ ያዘለው ዓይነት ብረቱ ስለሚያንስ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን አይታችሁ አስሉ። ማዕድኑ የሚገባው ከፌሪኩ በኋላ ነው። ፒሮታይት (የብረት ሰልፋይድ) ወይም ስፋለራይት (የዚንክ ሰልፋይድ) ካለበት፣ ፌሪክ በሌለው አሲድ ውስጥ መርዛማው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይወጣል። ሽታው ጠፋ ብላችሁ አትዘናጉ፤ ጋዙ አፍንጫን ያደነዝዛል።

ማማሰያው ብርጭቆ ወይም ቴፍሎን ይሁን። ተራ ብረት ከገባ የሟሟው መዳብ ላዩ ላይ ተመልሶ ይለጠፋል፤ ውጤቱም ይበላሻል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በ25 ዲግሪ መዳቡ መጀመሪያ በፍጥነት ይወጣል፤ ግማሽ ገደማ ሲደርስ ግን ቀጥ ይላል። አሲድ አነሰ ብሎ መጨመር ከንቱ ነው። ካልኮሳይት የሚሟሟው በሁለት እርምጃ ነው፦ መጀመሪያ ግማሹ መዳብ ይወጣና ኮቬላይት (ሌላ የመዳብ ሰልፋይድ) መሰል ሰማያዊ ማዕድን ይቀራል። ከዚያ በኋላ ራሱ ሰልፋይዱ ወደ ሰልፈር መለወጥ አለበት፤ ይህ ደግሞ ዘገምተኛ ነው፣ ሙቀትም ይፈልጋል። ወደ 75 ዲግሪ አሙቁት። የፈሳሹን ኤሌክትሮን የመንጠቅ አቅም የሚያሳየው የሪዶክስ መለኪያ በብር ክሎራይድ ኤሌክትሮድ ከ450 ሚሊ ቮልት ገደማ በታች ከወረደ ፌሪኩ እየተመናመነ ነው፤ ጨምሩ።

ፒኤቹ ከ1.5 አይለፍ፤ ካለፈ ብረቱ ጃሮሳይት የሚባል የብረት ሰልፌት ማዕድን ሆኖ ይዘቅጣል። ለማስተካከል ኮስቲክ ሶዳ አትጠቀሙ፤ ሶዲየሙ ጃሮሳይቱን ያፋጥነዋል። ካልሳይት (ካልሲየም ካርቦኔት) ያለበት ማዕድን ደግሞ አሲድ ይበላል፤ 1 ግራሙ 1 ግራም ያህል ይጨርሳል፣ አረፋም ይደፍቃል።

በ15 ደቂቃ፣ በ1፣ በ4፣ በ8 እና በ24 ሰዓት 5 ሚሊ ሊትር ናሙና ውሰዱ። የተነነውን ውሃ ቢከሩን እየመዘናችሁ ተኩ። ስታጣሩ ቅሪቱን መጀመሪያ አሲድ በነካ ውሃ እጠቡ። ቅሪቱም ይመርመር፤ በፈሳሹና በቅሪቱ ያለው መዳብ ሲደመር መነሻውን ካልሰጠ ሙከራው ይደገም።